«ልውጣ ወይስ ይቅርብኝ?» ስለ ሙቅ አየር ፊኛ ለጠየቁን እናት የተሰጠ መልስ



ከፋሲካ በዓል በኋላ ባለው ሳምንት ከስቱዲዮ እንደወጣሁ ስልኬ ጮኸ። የደወሉት እዚሁ ነታንያ የሚኖሩ፣ ፕሮግራማችንን ከሚከታተሉ እናቶች አንዷ ነበሩ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። «ልጆቼ ሰባ ዓመት ሞላሽ ብለው ስጦታ ገዙልኝ። ሰባ ያለው መታወቂያው ነው፤ እኔ እንኳ የተወለድኩበትን ቀን አላውቀው። ስጦታው ወደ ሰማይ የሚያወጣ ነው። አውሮፕላን አይደለም፤ ያ እሳት የሚነድበት ትልቅ ኳስ ነው። ልውጣ ወይስ ይቅርብኝ?»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?» አልኳቸው።

«እኔማ አንድ ጊዜ በሰማይ መጥቻለሁ። በሰሎሞን ዘመቻ ጊዜ፣ መቀመጫው የተነሣ አውሮፕላን ወለል ላይ ተቀምጬ፣ አንዱን ልጅ አቅፌ፣ አንዱን አዝዬ። መስኮት አላየሁ፣ መሬት አላየሁ። ሲነሣም ሲያርፍም ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። አሁን ባይ ደስ ይለኛል። ግን ፈራሁ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ መልስ አልነበረኝም። በአስተማሪነቴ ዘመን ተማሪ የማላውቀውን ሲጠይቀኝ «ነገ እነግርሃለሁ» እል ነበር። ለእኚህ እናትም ያንኑ አልኳቸው። አነበብኩ፣ የሚያውቁትን ጠየቅሁ፣ በመጨረሻም ራሴ ወጣሁ። የእኚህ እናት ጥያቄ የብዙዎቻችሁ ጥያቄ መሆኑን ስላወቅሁ (ልጆቻችን ዛሬ ዛሬ የሚሰጡን ስጦታ ነጠላና ሽቶ ብቻ መሆኑ ቀርቷልና) ያገኘሁትን እንደሚከተለው አቅርቤዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ምንድን ነው?

በዕብራይስጥ «ካዱር ፖሬያሕ» ይባላል። ካዱር ኳስ ማለት ነው። በአማርኛ የሙቅ አየር ፊኛ እንለዋለን። ሦስት ዋና ነገሮች አሉት። ከላይ ቀላልና ጠንካራ ከሆነ ጨርቅ፣ ብዙውን ጊዜ ከናይለን፣ የተሰፋው ትልቁ ፊኛ አለ። ከሥሩ በጋዝ የሚሠራ ማንደጃ አለ። ከማንደጃው በታች ደግሞ ሰው የሚቆምበት ቅርጫት ተንጠልጥሏል።

ቅርጫቱ እውነተኛ ቅርጫት ነው። እኔ መጀመሪያ ሳየው ለማስዋብ ያደረጉት መስሎኝ ነበር። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ቴክኖሎጂ ዘመን እንኳ ከተጎነጎነ ዘንግ የሚሠሩት በምክንያት ነው። የተጎነጎነ ነገር ቀላል ነው፤ ሲመታም ይለመጣል እንጂ አይሰበርም። መሬት ሲነካ ግጭቱን ራሱ ይውጠዋል፤ ለተሳፋሪው እግር የሚደርሰው ይቀንሳል። እናቶቻችን ስፌት ሲሰፉ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም።

እንዴት ይነሣል?

በገጠር ቤት ያደገ ሰው መልሱን ያውቀዋል፤ ብቻ አላስተዋለው ይሆናል። በብርድ ሌሊት ምድጃው መሀል ቤት ላይ ሲነድ፣ መሬት ላይ የተኛው ሲበርደው ቆጥ ላይ የተኛው ይሞቀዋል። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ ነው። የሚሄደውም ሲሞቅ ስለሚሰፋና ስለሚቀል ነው። ዘይት በውኃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ሁሉ ቀላሉ አየር በከባዱ አየር ላይ ይንሳፈፋል።

አሁን በቁጥር እንየው። ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ቁመቱም አንድ ሜትር የሆነ ሣጥን አስቡ። በውስጡ ያለው አየር በ20 ዲግሪ ሙቀት 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። አዎን፣ አየር ይመዝናል። ያንኑ አየር 100 ዲግሪ ብናሞቀው ሰፍቶ ከፊሉ ይወጣል፤ በሣጥኑ ውስጥ የሚቀረው 950 ግራም አካባቢ ነው። ልዩነቱ 250 ግራም ያህል ይሆናል። አንድ ሣጥን ሙሉ ሙቅ አየር ሩብ ኪሎ ብቻ ያነሣል ማለት ነው።

ስለዚህ ነው ፊኛው እንደዚያ ግዙፍ የሚሆነው። 3,000 እንደዚህ ያሉ ሣጥኖችን የሚይዝ ፊኛ በጠቅላላው 750 ኪሎ ያህል ያነሣል። ከዚያ ላይ የጨርቁ፣ የማንደጃው፣ የቅርጫቱና የጋዝ ሲሊንደሮቹ ክብደት ይቀነሳል፤ የተረፈው ለሰው ነው። ስትመዘገቡ ክብደታችሁን የሚጠይቋችሁ ሊያሳፍሯችሁ ፈልገው አይደለም። ሂሳቡ ስለሚያስፈልጋቸው ነውና እውነቱን ንገሯቸው።

ሌላም ነገር ከዚሁ ይከተላል። የሚያነሣው የውስጡና የውጩ ሙቀት ልዩነት ስለሆነ፣ ውጭው ሲቀዘቅዝ ፊኛው በቀላሉ ይነሣል። ጠዋት ገና ሳይሞቅ የሚነሡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መጀመሪያ የወጡት እነማን ናቸው?

የሙቅ አየር ፊኛን ለሕዝብ ያሳዩት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ጆዜፍና ኤትየን ሞንጎልፊዬ ናቸው። የቤተሰባቸው ሥራ ወረቀት መሥራት ነበር። ጁን 4 ቀን 1783 አኖኔ በምትባል ከተማቸው ሰው የሌለበትን ፊኛ ወደ ሰማይ አስነሡ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 19 ቀን በቬርሳይ ቤተ መንግሥት በንጉሥ ሉዊ 16ኛ ፊት አንድ በግ፣ አንድ ዳክዬና አንድ አውራ ዶሮ ላኩ። እንስሳቱ ጥቂት ደቂቃ በርረው በሕይወት ወረዱ። ኖቬምበር 21 ቀን 1783 ደግሞ ፒላትር ደ ሮዚዬና ማርኪ ዳርላንድ የተባሉ ሁለት ሰዎች በፓሪስ ሰማይ ላይ 25 ደቂቃ ያህል በርረው 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው አረፉ። በሰው ልጅ ታሪክ ሳይታሰሩ በነፃ ወደ ሰማይ የበረሩ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ናቸው።

እንደ አስተማሪ እኔን የሚገርመኝ ግን ይህ ነው። ወንድማማቾቹ ፊኛውን የሚያነሣው ጭሱ ይመስላቸው ነበር። ስለዚህ እርጥብ ገለባና ሱፍ እያቃጠሉ ብዙ ጭስ ያበዙ ነበር። ምክንያቱን ተሳስተው ሥራው ተሳካላቸው። ትክክለኛው ምክንያት ሙቀቱ መሆኑ በኋላ ተረጋገጠ።

ዛሬ የምናየው ፊኛ ግን ገለባ አያነድም። ኤድ ዮስት የተባለ አሜሪካዊ ኦክቶበር 22 ቀን 1960 በነብራስካ ግዛት በፕሮፔን ጋዝ የሚነድ ፊኛ አበረረ። ፕሮፔን በቤታችን ምግብ ከምናበስልበት ጋዝ ጋር አንድ ወገን ነው። አብራሪው ሲፈልግ ያነድዳል፣ ሲፈልግ ያጠፋል። ዘመናዊው የፊኛ ጉዞ ከዚያ ቀን ይጀምራል።

መሪ የሌለው መጓጓዣ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ፊኛ መሪ የለውም። አብራሪው ወደ ላይ መውጣትና ወደ ታች መውረድ ይችላል፤ ወደ ቀኝና ወደ ግራ መታጠፍ ግን አይችልም። መውጣት ሲፈልግ እሳቱን ያነድዳል። መውረድ ሲፈልግ አየሩ እንዲቀዘቅዝ ይተወዋል፤ ወይም ገመድ ስቦ በፊኛው አናት ላይ ያለውን መክፈቻ በመክፈት ሙቅ አየር ያስወጣል። የሚሄድበትን አቅጣጫ የሚወስነው ነፋሱ ነው።

ይሁንና ነፋስ በሁሉም ከፍታ አንድ ዓይነት አይደለም። ከመሬት በ50 ሜትር ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው በ400 ሜትር ወደ ደቡብ ሊነፍስ ይችላል። ጎበዝ አብራሪ ማለት የሚፈልገውን ነፋስ ለማግኘት ከፍታ የሚመርጥ ነው። እንደዚያም ሆኖ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ በትክክል አይናገርም። ለዚህ ነው ከታች መኪና የሚከተለው።

ታዲያ ነታንያ ላይ ለምን የለም? እኛ ነታንያ ያለን ሰዎች በባሕሩ ገደል ላይ በጃንጥላ ክንፍ የሚንሳፈፉትን ወጣቶች እያየን ነው የምንውለው። እነርሱን የሚያነሣቸው ከባሕር መጥቶ ገደሉን ሲመታ ወደ ላይ የሚታጠፈው የቀን ነፋስ ነው። ሌሊትና ማለዳ ግን መሬቱ ከባሕሩ ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ ነፋሱ ይገለበጥና ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍሳል። ማለዳ ነታንያ ላይ የተነሣ ፊኛ ቁርሱን ባሕር ላይ ሊበላ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሰፊ ማሳ ወዳለበት፣ ከባሕር ራቅ ወዳለ ቦታ መሄድ ያስፈልጋል። በሰሜን በኩል የታወቀው ቦታ በአፉላና በጊልቦዓ አካባቢ ያለው የኢይዝራኤል ሸለቆ ነው። ከነታንያ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

የመጀመሪያው ጠዋት

የደወሉልኝ እናት ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር ቀን ተቆረጠላቸው። እኔም ከፍዬ አብሬያቸው ተመዘገብኩ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ በእስራኤል አቆጣጠር 3፡00 ላይ፣ ከነታንያ ተነሣን። ልጃቸው ይነዳል፣ እርሳቸው ከፊት ነጠላቸውን ተከናንበው ዝም ብለዋል።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ገና ጨለማ ነበር። አብራሪው ትንሽ ፊኛ፣ ልጆች የሚጫወቱባትን ዓይነት፣ መብራት አስሮባት ለቀቃት። ሁላችንም አንጋጠን አየናት። መጀመሪያ ቀጥ ብላ ወጣች፤ ከዚያ አንድ ከፍታ ላይ ስትደርስ እንደተወረወረ ድንጋይ ወደ ጎን ተፈተለከች። አብራሪው ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ዛሬ አንወጣም» አለ።

ከእኛ ጋር የነበሩት ሰዎች አጉረመረሙ። አንዱ ከሩቅ እንደመጣ ተናገረ፣ ሌላው መሬት ላይ ነፋስ እንደሌለ አመለከተ። እውነት ነው፣ መሬት ላይ ቅጠል አይንቀሳቀስም ነበር። አብራሪው አልተከራከረም፤ ሌላ ቀን እንደሚሰጠን ብቻ ነገረን።

በኋላ እንደተረዳሁት የዚህ ሥራ ትልቁ ችሎታ ይህች ቃል ናት። ብዙ አብራሪዎች የመሬቱ ነፋስ በሰዓት ከ15 እስከ 18 ኪሎ ሜትር ካለፈ አይነሡም። ጭጋግ ካለ አይነሡም። ነጎድጓድ ከሩቅም ቢሆን ካለ አይነሡም። ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ወደ ላይ የሚፈነዳ የአየር ሞገድ ስለሚነሣም እኩለ ቀን ላይ አይበሩም። ጊዜያቸው ማለዳና አንዳንዴም ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። «ዛሬ አይሆንም» የሚል አብራሪ ስታገኙ አትቆጡት፤ አመስግኑት።

ያ የተሰረዘ ጠዋት ሌላም ነገር አተረፈልን። አብራሪው ከመሰናበቱ በፊት ለቀጣዩ ጊዜ እንዲሆነን ስለ ማረፍ አስረዳን። ጉልበታችንን አጠፍ አድርገን፣ ጀርባችንን ቅርጫቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ሰጥተን፣ ውስጥ ያለውን መያዣ አጥብቀን እንድንይዝ ነገረን። ቅርጫቱ አንዴ ሁለቴ ሊነጥር፣ በጎኑም ሊጋደም እንደሚችል ሳይደብቅ ተናገረ።

እናትየው ልጃቸውን «ምን አለ?» አሉት። ተረጎመላቸው። «እንግዲህ ወገቤን የማይነግሩት ሆኖ ነው እንጂ» አሉ በጎንደርኛ ፈገግታቸው። ልጁ ደነገጠ። ባለፈው ዓመት እናቱ አጥንታቸውን ተመርምረው መድኃኒት እንደታዘዘላቸው አያውቅም ነበር። የምዝገባውን ቅጽ በኢንተርኔት የሞላው እርሱ ነው። ስለ ጤና የሚጠይቀውን ቦታ ሁሉ ሳይጠይቃቸው «ችግር የለም» ብሎ አልፎታል።

ይህን የምጽፈው በልጁ ፈቃድ ነው። ደግሞም እርሱ ብቻ አይደለም። በብዙ ቤት የዕብራይስጡን ቅጽ የሚሞላው ልጅ ነው፤ የሚፈርመው ወላጅ ነው። ልጆቻችን ሲያፈጥኑት በክፋት አይደለም፤ ሊያስደስቱን ቸኩለው ነው። ነገር ግን በዚያ ቅጽ ላይ ያለው «አዎን» እና «አይደለም» የወላጅ መልስ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ጠዋት

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስን። በመካከሉ እናትየው ኩፓት ሖሊም ሄደው ሐኪማቸውን ጠይቀዋል። የሐኪሙን መልስ ከታች እነግራችኋለሁ።

በዚያ ጠዋት ትንሿ ፊኛ ቀጥ ብላ ወጣች፤ በቀስታም ወደ ምሥራቅ ሄደች። አብራሪው ራሱን ነቀነቀ። ሠራተኞቹ ትልቁን ጨርቅ ሜዳው ላይ ዘረጉት፤ በትልቅ ማራገቢያ ቀዝቃዛ አየር ሞሉት። ከዚያ እሳቱ ተለቀቀ። ድምፁ የቡታጋዝ ድምፅ ይመስላል፤ የመቶ ቡታጋዝ ድምፅ ግን በአንድ ላይ። የተኛው ጨርቅ እየተነፋ ቀስ ብሎ ቆመ። በቅርጫቱ ጎን ባለው የእግር መወጣጫ እየተረገጠ ወደ ውስጥ ይገባል። በር የለውም። የቅርጫቱ ግድግዳ ለእኔ ደረቴ ጋ ይደርሳል፤ ቀና ብሎ ለሚቆም ሰው የሚያሰጋ አይደለም።

መቼ እንደተነሣን አላወቅሁም። መነቅነቅ የለም፣ እንደ አውሮፕላን ወደ ኋላ የሚጫን ነገር የለም። ሰዎቹ እያነሱ ሲሄዱ ነው የገባኝ። እሳቱ ሲጠፋ ደግሞ ፍጹም ዝምታ ሆነ። የውሻ ጩኸትና የትራክተር ድምፅ ከታች ጥርት ብሎ ይሰማል። ነፋስ ፊት ላይ አይሰማም፤ ምክንያቱም ከነፋሱ ጋር በአንድ ፍጥነት እየተጓዝን ነበር። ስለዚህ ያሰብኩትን ያህል አልበረደኝም፤ ከራሴ በላይ ያለው እሳት እንዲያውም ይሞቃል። ኮፍያ ማድረግ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ከፍታ የሚፈራ ሰው ምን ይሆናል? እኔ ከፎቅ በረንዳ ወደ ታች ማየት አልወድም። እዚያ ላይ ግን ያ ስሜት አልመጣብኝም። ብዙ ተሳፋሪዎችም እንዲሁ ይላሉ። አንዱ ምክንያት ከፊኛው ወደ መሬት የሚወርድ ግድግዳ አለመኖሩ ነው ይባላል፤ ዓይን ከፍታውን የሚለካበት ነገር ያጣል። ሁሉም ሰው እንዲህ ይሆናል ብዬ ግን ቃል አልገባላችሁም።

ፀሐይ በጊልዓድ ተራሮች ጀርባ ስትወጣ አብራሪው 600 ሜትር መድረሳችንን ነገረን። በሰሜን ታቦር ተራራ ብቻውን ቆሟል፤ ዲቦራና ባርቅ ጭፍራቸውን የሰበሰቡበት። በደቡብ ጊልቦዓ አለ፤ ሳኦልና ዮናታን የወደቁበት። በሁለቱ መካከል ማሳው እንደ ጥለት ተዘርግቷል። ቄሶቻችን ከኦሪትና ከነቢያት የነገሩንን አገር በአንድ እይታ ማየት ልብን ይነካል። በአውቶቡስ መቶ ጊዜ አልፌበታለሁ፤ እንዲህ አንድ ላይ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

50 ደቂቃ ያህል ከቆየን በኋላ አብራሪው የታጨደ ማሳ መርጦ ወረደ። ጉልበታችንን አጠፍን። ቅርጫቱ መሬቱን አንዴ መታ፣ ነጠረ፣ ሁለተኛ መታና ትንሽ ተጎትቶ ቆመ። እኔ ጉልበቴን ለሁለት ቀን ተሰምቶኛል። ልጅቷ ግን እንደገና እንውጣ ትል ነበር። አብራሪው ሳይፈቅድ ማንም እንዳይወርድ ደጋግሞ ነግሮን ነበር፤ አንድ ሰው ቢወርድ ፊኛው በዚያ ሰው ክብደት ልክ ስለሚቀል፣ የቀሩትን ይዞ እንደገና ሊነሣ ይችላል።

አደጋውስ?

መደበቅ አያስፈልግም። ፊኛ በአብዛኛው በሰላም ወጥቶ በሰላም ይወርዳል፤ ስህተት ሲሠራ ግን ውጤቱ ከባድ ነው። ሦስት አደጋዎችን ልጥቀስ፤ ለማስፈራራት ሳይሆን እያንዳንዱ የሚያስተምረው ስላለው ነው።

ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2013 በግብፅ ሉክሶር 21 ሰዎችን የያዘ ፊኛ ሲያርፍ እሳት ተነሣበት። መነሻው የጋዝ ቧንቧ መፍሰስ ነበር። ፊኛው እየነደደ ተመልሶ ወጣ፤ 19 ሰዎች ሞቱ። የዕቃው ምርመራና እድሳት የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ያሳያል።

ጁላይ 30 ቀን 2016 በአሜሪካ ቴክሳስ አንድ ፊኛ የኤሌክትሪክ መስመር መታና 15ቱም ተሳፋሪዎችና አብራሪው በሙሉ አለቁ፤ በጠቅላላው 16 ሰዎች ማለት ነው። መርማሪዎች ዋናውን ጥፋት ያገኙት ከመነሣቱ በፊት ነው፤ አብራሪው ጭጋግና ዝቅተኛ ደመና እያለ ለመብረር መወሰኑ ነበር። «ዛሬ አይሆንም» ማለት ሲገባው አላለም።

ሦስተኛው እዚሁ አገራችን ነው። በ2021 በአፉላ አካባቢ ከመሬት ሠራተኞች አንዱ የነበረ ወጣት፣ ፊኛው ሲነሣ ከቅርጫቱ ውጭ ተንጠልጥሎ አብሮ ወጣና ወድቆ ሞተ። ፊኛ ሲነሣም ሆነ ሲያርፍ ከውጭ ያለ ሰው ገመዱንም ሆነ ቅርጫቱን ሊይዝ አይገባም። ልጆችን ይዛችሁ ለማየት ስትሄዱ ይህን አስታውሱ።

ከመክፈላችሁ በፊት

እንግዲህ ለእናንተም ለልጆቻችሁም የሚሆን ምክር ይህ ነው።

1. አብራሪው ፈቃድ ያለው መሆኑን፣ ድርጅቱ በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የተፈቀደለትና ኢንሹራንስ ያለው መሆኑን ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የሚያኮርፍ ካለ ሌላ ፈልጉ።

2. በአየሩ ጠባይ ምክንያት ቢሰረዝ ሌላ ቀን ይሰጣል ወይስ ገንዘብ ይመለሳል? በጽሑፍ ያዙት። በዚያ ሳምንት ሠርግ ወይም ሌላ ድግስ ካለባችሁ ቀኑን አታጣብቡት።

3. እርጉዝ ሴት መውጣት የለባትም። በቅርብ ጊዜ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ የአጥንት መሳሳት፣ የወገብ፣ የጉልበት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው በመጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። አንድ ሰዓት ያህል ቆሞ መቆየት ያስፈልጋል፤ መቀመጫ አይኖርም። ትንንሽ ልጆችን በተመለከተ ድርጅቱ የሚያስቀምጠውን የዕድሜና የቁመት ገደብ አክብሩ።

4. ጥጥ ልብስ፣ ሱሪና የተዘጋ ጫማ ልበሱ። የሚነሡበትም የሚያርፉበትም ማሳ ነው፤ ጤዛና እሾህ አለ። ረጅም ነጠላና የተንዘረፈፈ ልብስ ከእሳቱና ከገመዱ አጠገብ አይሆንም።

5. የደኅንነቱ ማብራሪያ በማትሰሙት ቋንቋ ከሆነ ሳይተረጎምላችሁ አትግቡ። «ሌሎቹ ያደረጉትን አደርጋለሁ» አይበቃም።

6. ልጆች ሆይ፣ የወላጆቻችሁን ቅጽ ስትሞሉ ጥያቄውን አንድ በአንድ አንብቡላቸው። ስጦታውን በድብቅ ማዘጋጀት ደስ ይላል፤ የጤና ጥያቄ ግን በድብቅ አይመለስም።

ለእናትየው የተሰጠው መልስ

ሐኪማቸው የምርመራውን ውጤት አይተው «ይቅርብዎ» አሏቸው። መውጣቱ ሳይሆን ማረፉ ነው ችግሩ፤ በሳሳ አጥንት ላይ እንደዚያ ያለ ግጭት የጀርባ አጥንት ሊሰብር ይችላል። ስልክ ደውለው ሲነግሩኝ ድምፃቸው ግማሹ ዕፎይታ፣ ግማሹ ቅሬታ ነበር።

ስለዚህ በሁለተኛው ጠዋት ቦታቸውን ለትልቋ የልጅ ልጃቸው ሰጡ። እርሳቸው ግን ቤት አልቀሩም። ቡና አፍልተው በፔርሙስ፣ ዳቦ በመሶብ ይዘው መጡ። እኛ ስንነሣ ሜዳው ላይ ቆመው ነበር። ከላይ ሆኜ ነጭ ነጠላቸውን ለረጅም ጊዜ አየሁት። ከዚያ ከአማቻቸው ጋር በመኪና ተከተሉን፤ ካረፍንበት ማሳ ዳር ከሠራተኞቹ ቀጥለው ደረሱ።

ቡናውን እየቀዱ እንዲህ አሉኝ፦ «በ91 እኔ ነበርኩ የወጣሁት። እህቴ አዲስ አበባ ኤምባሲው በር ድረስ ሸኝታኝ ቀረች። ቆማ ስታይ ምን እንደተሰማት እስከ ዛሬ አልገባኝም ነበር። አሁን ልጄና የልጅ ልጆቼ ሲወጡ ቆሜ ሳይ ገባኝ። ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ።»

ሜይ 24 እና 25 ቀን 1991፣ በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ፣ ከ14 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከአዲስ አበባ ወደዚህ አገር በአየር መጡ። በአንዱ ጃምቦ አውሮፕላን ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው ነበር። ያን ጊዜ «ትወጣላችሁ ወይስ ትቀራላችሁ?» ብሎ ስለ ጤናችን ቅጽ ያስሞላን ሰው አልነበረም፤ ጊዜም አልነበረም፤ መውጣት ግድ ነበር። ዛሬ ግን ግድ የሆነብን ነገር የለም። መውጣትም መብታችን ነው፣ መቅረትም መብታችን ነው። ጠይቀንና አውቀን ከመረጥን ሁለቱም መልካም ነው።

ፊኛ ላይ ወጥታችሁ ያያችሁትን፣ ወይም እንደ እኚህ እናት ከታች ቆማችሁ ያያችሁትን፣ በፕሮግራማችን ሰዓት ደውላችሁ ብታካፍሉን ደስ ይለናል። እስከዚያው ሰላም ሁኑልን።